ስድስት አውታር፣ አንድ ምሽት፦ ክራር በቱሉ ዲምቱ የጃዝ ባንድ ውስጥ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ አንድ ክራር በአምስት ሰዎች የጃዝ ባንድ ውስጥ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ የሆነውን ይመለከታል። የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለነበርኩ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ አላየሁትም፤ እንዲያውም ከዚህ በታች ከምተርከው ዋነኛ ክርክር ውስጥ ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበርኩ። የማንንም ስም አልጠቅስም። ክራሩን ይዘው የመጡት ሰው በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ለብዙ ዓመታት በባህል ምሽት ቤቶችና በየሠርጉ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። እኛ «ጋሼ» እንላቸው ነበር፤ እዚህ ግን ባለክራሩ እላቸዋለሁ።

ሐሳቡ የመነጨው ከእሳቸው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ወጣቶች አንድ የባህል ተጫዋች ፈልገው አግኝተው «ያዘመኑት» ተደርጎ ስለሚቀርብ ነው። እዚህ የሆነው የተገላቢጦሽ ነበር። ባለክራሩ አንድ ምሽት የሳክስፎን ተጫዋቻችንን አግኝተው «ከእናንተ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ፤ ለጌጥ ግን አልመጣም» አሉት። «ለጌጥ» ያሉት ምን እንደሆነ የገባን ቆይተን ነው። ክራር ዘመናዊ ባንድ ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያውን ብቻውን ይጫወታል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ከበሮውና ቤዙ ሲነሱ ይዋጥና እስከ መጨረሻው ድረስ በተጫዋቹ እቅፍ ውስጥ የሚታይ እንጂ የሚሰማ መሣሪያ አይሆንም። ሰውየው ይህን ሕይወት ጠግበውታል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ ሃርፕ የሚሉትን መሣሪያ እኛ በገና ብለን መተርጎም ለምደናል፤ በአሠራር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የሃርፕ አውታሮች ከድምፅ ሣጥኑ ተነሥተው ወደ ላይ የሚወጡ ሲሆን፣ የክራርና የበገና አውታሮች ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆነው በበርኩማው ላይ ካለፉ በኋላ በሁለቱ ቋሚዎች ጫፍ ላይ በተጋደመው ቀንበር ላይ ይታሰራሉ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት። የባለክራሩ ክራር ባለ ስድስት ሲሆን አምስቱ አምስት የተለያዩ ድምፆችን ይሰጣሉ፤ ስድስተኛው የአንደኛውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ከፍ አድርጎ ይደግማል። ፒያኖ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድምፅ አለው። የጉዳያችን ችግር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ በአምስትና በዐሥራ ሁለት መካከል የሚገኝ ነው።

ሃርፕ ጃዝ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የዲትሮይቷ ዶረቲ አሽቢ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሃርፕ ጃዝ ቀርጻ አውጥታለች፤ ከእሷ በኋላ አሊስ ኮልትሬን መጣች። ሁለቱም የተጫወቱት ግን ባለ ፔዳሉን የኮንሰርት ሃርፕ ነው፤ 47 አውታርና 7 ፔዳል ያለው በመሆኑ የጎደለ ድምፅ ሲያስፈልግ እግር ይረግጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ኮሎምቢያዊው ኤድማር ካስታኜዳ ነው፤ ፔዳል የሌለውን የአገሩን የሜዳ ሃርፕ ይዞ ኒውዮርክ በመግባት በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኝ እጁ ዜማውንና ኮርዱን፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ እያስኬደ ከጃዝ ሰዎች ጋር ይጫወታል። የእሱ መሣሪያ እንኳ ከሠላሳ በላይ አውታር አለው። በእኛ አገርም ቢሆን መንገዱ ጨርሶ ያልተረገጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩ የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አሰባስቧል። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ክራርን ስለ ማሻሻል ለረጅም ጊዜ ሲያስቡና ሲሠሩ የቆዩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት አልበም ውስጥ የባህል መሣሪያዎቹ ከጃዝ ባንዱ ጋር አብረው ይሰማሉ። ባለክራሩ ይህን ሁሉ አንድ ሳምንት ሙሉ በስልካቸው ሲያዳምጡ ከርመው የሰጡት አስተያየት አንድ ብቻ ነበር፤ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን የእኔን ችግር እኔው ነኝ የምፈታው።»

ልምምዱን የምናደርገው ከኮንዶሚኒየሞቹ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ በተከራየነው ሰርቪስ ቤት ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበሮ መምታት የማይታሰብ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜ የጎረቤት ኮሚቴ በራችን ላይ ቆሟል። የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በመሆኑ ድምፅ ይነጥራል፤ በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱና ቤዙ ዝም ሲሉ የሚቀረው ክራሩ፣ ሳክስፎኑና ከበሮው ነው። ይህን የምጠቅሰው ለማማረር አይደለም። ብዙ ነገር የተማርነው በእነዚያ የጨለማ ሰዓታት ነው፤ ከበሮ መቺው በዱላ ፋንታ በብሩሽ መምታት የጀመረው መብራት ጠፍቶ ክራሩን መስማት ስላቃተው ነው።

የድምፅ መጠኑ ነገር ሁሉም ሰው ዋናው ችግር እንደሚሆን የገመተው ቢሆንም በቶሎ ተፈታ። ማይክ ፊቱ ስናቆም ስፒከሩ ይጮኻል፤ ስለዚህ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ፒዬዞ ከቆዳው ላይ ለጠፍን። ከበርኩማው አጠገብ ስትሆን የመግረፊያው ኳኳታ ብቻ ወጣ፤ ወደ ጠርዙ ስናሸሻት ሆዱ ተሰማ። በመሃል ፕሪአምፕ፣ ማለትም ደካማውን ድምፅ ቀድሞ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ካልገባ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይቀጥናል፤ ገባ፣ ወፈረ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ያላሰብነው ቅኝቱን ነበር። ባለክራሩ ዕድሜ ልካቸውን ክራራቸውን የቃኙት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ዘፋኟ ወፍራም ድምፅ ካላት ያወርዱታል፣ ቀጭን ከሆነች ያወጡታል። ኪቦርድ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሳክስፎንም እንዲሁ። በመጀመሪያው ወር ስለዚህ ክራሩን በኪቦርዱ ዶ ላይ አሰርነው፤ እዚህ ላይ ተቃውሞ አልነበራቸውም። ችግሩ የመጣው ከአንዱ ቅኝት፣ ማለትም ከአንዱ የአምስት ድምፆች ስብስብ፣ ወደ ሌላው ስንሻገር ነው። በባህል ቤት አንድ ተጫዋች ሙሉ ምሽቱን በአንድ ወይም በሁለት ቅኝት ሊያሳልፍ ይችላል፤ የእኛ ዝርዝር ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁሉ የያዘ ነበር። በየዘፈኑ መካከል ክራሩ ሲቃኝ አራት አምስት ደቂቃ ይጠፋል፤ ሰው ያወራል፣ ቢራ ያዛል፣ ምሽቱ ይበተናል።

የተለመደው መፍትሔ ሁለት ወይም ሦስት ክራር ቃኝቶ ማስቀመጥ ነው። ባለክራሩ አንድ ክራር ብቻ ነበራቸው፤ ቢኖራቸውም አይፈልጉም ነበር፤ እያንዳንዱ ክራር ጠባይ አለው ይላሉ። ያን ጊዜ ነው አንድ ምሽት፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ በአንድ ወረቀት ላይ የየቅኝቱን ድምፅ ሲጽፍ፣ እሳቸው ደግሞ በጣታቸው የሚያውቁትን እየነገሩት፣ ለዚህ ጉዳይ ማዕከል የሆነውን ነገር ያገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራሩ በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ስድስተኛው አውታር ላይኛው ዶ ነው። አንድም መቃኛ ሳይነካ የዜማው ማረፊያ ከዶ ወደ ላ ቢዛወር የሚሰማው ባቲ ማይነር ነው። ስለዚህ ሁለት ቅኝት በአንድ ዋጋ ይገኛል ማለት ነው። ቀጥሎ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይመጣል፤ በዚያው ቅኝት ማረፊያውን ሶል ላይ ብናደርግ አምባሰል ነው። ከዚያ ሬ ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስትል፣ ማረፊያው ላ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ላ) ሆኖ፣ ባቲ ሜጀር ይሆናል። በመጨረሻ ዝቅ ብላ የነበረችው ሚ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ስትመለስ፣ ማረፊያው ሶል ላይ ሆኖ፣ አንቺሆዬ ይወጣል። ከምሽቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሁለቱ ዶዎችና ሶል አይነኩም። መቃኛ የሚዞረው በጠቅላላው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ሽግግር ሁለቴ፣ ከዚያ አንዴ፣ ከዚያ አንዴ።

ባለክራሩ ወረቀቱን አይተው አልተደነቁም። «አምባሰልና ትዝታ ጎረቤት መሆናቸውን የማያውቅ አለ እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የክራር ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። አዲስ የነበረው የዘፈኖቹን ተራ በዚህ ጉርብትና መሠረት መደርደር ነው። እስከዚያ ድረስ ዝርዝሩን የምናወጣው እንደማንኛውም ባንድ ነበር፤ ፈጣኑን እዚህ፣ ቀስ ያለውን እዚያ፣ ጭብጨባ የሚያመጣውን መጨረሻ ላይ። አሁን ምሽቱን የሚመራው የክራሩ አውታር ሆነ። ሳክስፎኑ በሚወደው ቁልፍ ሳይሆን ክራሩ በደረሰበት ቦታ መጫወት ነበረበት፤ ባቲው ላ ፍላት ላይ መውደቁ ለእሱ ሲመቸው፣ ላ ላይ ያለው ባቲ ማይነር ግን ጣቱን ያስጨንቀው ነበር። እኔም የምወዳትን ክፍት የሚ ክር በግማሹ ምሽት አጣኋት። ባለክራሩ «ለጌጥ አልመጣም» ያሉት ይህን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አንድ መሣሪያ በባንድ ውስጥ አባል የሚሆነው ሌሎቹ ለእሱ ሲሉ የሚተዉት ነገር ሲኖር ነው።

የሽግግሩ ጊዜም እንዲሁ ባዶ አልቀረም። በድሮው መቃኛ ቢሆን ኖሮ አስቸጋሪ ይሆን ነበር፤ የእሳቸው ክራር ግን እንደ ብዙዎቹ የአሁን ክራሮች የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ስለሆነ በዝግታ ሲዞር ድምፁ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እኔና ከበሮ መቺው ዶ ላይ ቆመን ችክችካውን እንይዛለን፤ እሳቸው ሚን እየመቱ ያወርዷታል፤ አድማጩ ትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሲጠቁር በጆሮው ይሰማል። ከመቆም ይልቅ መቃኘቱ ራሱ ሙዚቃ ሆነ።

አሁን ወደ ተሸነፍኩበት ክርክር ልመለስ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሙዚቃ የተማረ፣ ጎበዝና ትንሽ ችኩል ልጅ ነው። ክራሩ በሚጫወትበት ላይ የለመደውን ባለ ሰባተኛና ባለ ዘጠነኛ ኮርድ ሲደርብ ክራሩ የተሳሳተ ይመስል ነበር፤ የትዝታ ሜጀር ፋም ሆነ ሲ የለውምና በኮርዱ ውስጥ ያሉት እነዚያ ድምፆች ዜማውን ወደ ሌላ ስኬል ይጎትቱታል። እሱና እኔ መፍትሔው አውታር መጨመር ነው አልን፤ ስምንት ወይም ዐሥር አውታር ያለው ክራር የሚሠራ ባለሙያ አይጠፋም። ባለክራሩ ግራ እጃቸውን አውጥተው አሳዩን።

«ጋሼ፣ ሁለት አውታር ብቻ ብንጨምር እኮ ሁሉም ኮርድ ይገኛል» አላቸው ልጁ።

«አንተ ልጅ፣ ጣቴ ስንት ነው?»

ይህ ቀልድ አይደለም። ክራር በድርድር ሲሆን ጣት አውታሩን እየነቀሰ ይጫወታል፤ በግርፍ ሲሆን ግን ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር በመግረፊያ በአንድ ጊዜ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ አውታሮቹ ላይ አርፈው መሰማት የሌለባቸውን ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው አንዷ ጣት ከአውታሯ ላይ ስትነሣ ነው። ጠባቂ ጣት የሌለው አውታር ሲጨመር ሳይጠራ ይጮኻል። ስለዚህ ተጨማሪ አውታር ማለት ግርፍን መተው ማለት ነው፤ ግርፍን የተወ ክራር ደግሞ በጃዝ ባንድ ውስጥ ምት ሊሰጥ አይችልም፤ ደካማ ጊታር ይሆናል። በዚህ ተረታን።

ከክራሩ ላይ መጨመር ካልተቻለ ከኪቦርዱ ላይ መቀነስ ነበር የቀረው። ልጁ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ከርሞ አንድ ቀን መልሱን ይዞ መጣ። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች በሌላ ተራ ሲደረደሩ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ከቀጣዩ በአራተኛ ርቀት ላይ ያለ ነው (ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብለን ስንቆጥር ዶ ከሶል አራተኛ እንደምትሆነው)። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስና ባልደረቦቹ ኮርድ ማግተልተሉን ትተው በአንድ ስኬል ላይ ረዘም ብለው መቆየት ሲጀምሩ፣ ከዚያም በ1960ዎቹ የማኮይ ታይነር ፒያኖ ሲገን፣ በአራተኛ የተደራረበ ኮርድ የጃዝ መደበኛ ቋንቋ ሆኗል። ስለዚህ ልጁ ከክራሩ አምስት ድምፆች ሳይወጣ፣ የጃዝ ጆሮ የሚያውቀውን ኮርድ ሊመታ ይችላል። «ባዶ ነው» ብሎ ያማርር የነበረው ኮርድ ለካ ሞልቶ ነበር። በትዝታ ሜጀርና በባቲ ማይነር ይህ መንገድ ያለ ምንም እንከን ሠራ።

በሌሎቹ ላይ ያን ያህል አልሠራም፤ ይህንንም መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። አምባሰል ግማሽ ድምፆቹ የተቀራረቡ በመሆናቸው በአራተኛ ሲደረደር ይቆራረጣል፤ እዚያ ኪቦርዱ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ እንዲቆም ተስማማን። በአንቺሆዬ ላይ ግን ጨርሶ ዝም አለ። ባለክራሩ አንቺሆዬን በጆሯቸው ሲቃኙ የሚያገኙት ሚ የኪቦርዱ ሚ አይደለም፤ ትንሽ ትለያለች፣ ልዩነቷም የቅኝቱ ነፍስ ናት። ልጁ ኪቦርዱን በማስተካከያው ሊያቀራርባት ሞክሮ ነበር፤ በየምሽቱ እጃቸው የምታርፈው በትንሹ የተለያየ ቦታ ስለሆነ ተወው። ሳክስፎኑ በከንፈሩ ማዘንበል ስለሚችል አብሮ ይሄዳል፤ እኔም ሶልና ዶን ብቻ እየመታሁ ከመንገድ እወጣለሁ። ኮርዱ በየሁለት ምቱ የሚቀያየር አንድ የአሜሪካ ስታንዳርድም፣ ማለትም የጃዝ ሰው ሁሉ የሚጫወተው የታወቀ ዘፈን፣ ሞክረን ነበር፤ ሦስት ልምምድ ካጠፋን በኋላ ጣልነው። ክራር ወደ ሁሉም ዓይነት ጃዝ ይገባል የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

በመካከል ሁዳዴ ገባ። የግቢው ባለቤት እማማ እስከዚያ ድረስ ስለ ድምፁ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርመው አያውቁም፤ ከበሮውን ችለውታል፣ ሳክስፎኑን ችለውታል። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ግን በሩን ገፍተው ገብተው፣ ከሁላችንም መካከል ባለክራሩን ብቻ እያዩ፣ «ልጄ፣ በሁዳዴ ክራር?» አሉ። ሳክስፎን ምንም አይደለም፤ ክራር ግን የሥጋ ዓለም መሣሪያ ነው፤ በብዙ ቤት በገና የእግዚአብሔር፣ ክራር የሰይጣን ነው የሚለው አባባል ዛሬም አልጠፋም። ባለክራሩ አልተከራከሩም። ክራሩን በጨርቅ ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አልወረደም። ሳክስፎን ተጫዋቹ «እንግዲያውስ በገናውን ያምጡልና፣ ጾሙንም አይሽርም» ሲላቸው፣ ቤታቸው በገና እንዳለና እንደሚደረድሩ እናውቅ ነበርና፣ «እሱ ለእናንተ አይደለም» ብለው ነገሩን ዘጉት። በእነዚያ ሳምንታት ያለ ክራር ተለማመድን፤ ክራሩ የሚገባበትን ቦታ ባዶ እየተውን መጫወትን ተማርን፤ ከፋሲካ በኋላ ሲመለስ ሁሉም ሰው ለእሱ ቦታ መልቀቅን ለምዶ ነበር። ከዐቅድ ይልቅ እማማ ናቸው ያሠለጠኑን ማለት ይቻላል።

በግንቦትና በሰኔ ከተማ ውስጥ በአንድ ትንሽ ምሽት ቤት አራት ጊዜ ተጫወትን። በመጀመሪያው ምሽት የሽግግሩ ዘዴ ሁለተኛው ላይ ተሰናከለ፤ ሬ ከሚገባው በላይ ወረደች፣ ባለክራሩም ሳይደነግጡ እየመቱ መልሰው አወጧት፤ ሕዝቡ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት አጨበጨበ። በአራተኛው ምሽት ዝናብ ነበር፤ እርጥበቱ ቆዳውን አላልቶት ሁሉም አውታር እየወረደ ስላስቸገረ ክራሩን በየእረፍቱ ከአምፖል ሥር እናሞቀው ነበር።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል። ለአምስት ተካፍሎ ከቃሊቲ ወዲያ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ስለሌለ ለኮንትራት ታክሲ ከከፈልን በኋላ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ባለክራሩ በጥር ወር ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠፉብን በሠርግ ምክንያት ነበር፤ አንድ ሠርግ ከእኛ ጋር ብዙ ምሽት ተጫውተው የሚያገኙትን ይከፍላቸዋል። አልወቀስናቸውም፤ እሳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያስብ ባንድ ልምምዱን ከሠርግ ወቅት ውጪ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ እኛ ይህን ያወቅነው ከረፈደ ነው።

ባንዱ አሁንም አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለሥራ ወደ ውጭ ስለሄደ በምትኩ ሰው አልፈለግንም፤ በአራት ቀጥለናል፤ ዜማውን ክራሩና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ ይይዙታል። ወረቀቱ እስካሁን ከሰርቪስ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፏል፤ የዘፈኖቹን ተራ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እሱን ማየት አለበት። ባለፈው ወር ባለክራሩ የሚን መቃኛ አስቀየሩ፤ በየምሽቱ አንዴ ወርዳ አንዴ የምትወጣ እሷ ብቻ ስለሆነች የመቃኛው ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ አልቆ ነበር። የሁለቱ ዶዎችና የሶል መቃኛ እንደ አዲስ ነው።